የስልክ ሽቦና የሞደም ፍጥነት

ስልክ የተፈጠረው ለሰው ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የፈጠራ መብቱን ባገኘ ጊዜ ዓላማው አንዱ ሲናገር ሌላው በሩቅ ሆኖ እንዲሰማው ማድረግ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ መሐንዲሶችም ብዙ ንግግር በአንድ ጊዜ ለማስተላለፍ እንዲመቻቸው፥ ከሰው ድምፅ ውስጥ ለመግባባት የሚበቃውን ክፍል መርጠው የቀረውን ቈረጡት። የመረጡትም በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን የድምፅ ክፍል ነው። እናት የልጇን ድምፅ በስልክ ለይታ ለማወቅ ይህ ይበቃታል። ዘፈን በስልክ ሲሰማ ግን ለዛው የሚጠፋው ከዚህ ልክ በታችና በላይ ያለው ድምፅ በመንገድ ስለሚቀር ነው።

በዚህ ጠባብ መንገድ ኮምፒዩተሮች እንዲነጋገሩበት በተፈለገ ጊዜ ችግር ተፈጠረ። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ዜሮንና አንድን ብቻ ነው፤ የስልኩ መሥመር ደግሞ የለመደው ድምፅን ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ አስፈለገ። ይህ አስተርጓሚ ሞደም ይባላል። በላኪው ዘንድ ያለው ሞደም ቍጥሮቹን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ በተቀባዩ ዘንድ ያለው ደግሞ ድምፁን መልሶ ቍጥር ያደርገዋል። ዳያል አፕ በተባለው ዘዴ፥ ማለት በስልክ እየደወለ፥ ኢንተርኔት ይጠቀም የነበረ ሰው ያን ድምፅ አይረሳውም። በመጀመሪያ የመደወያው ድምፅ፥ ቀጥሎ ቍጥሮቹ፥ ከዚያም አንድ ረጅም ቀጭን ፉጨት፥ በመጨረሻ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ሹሹታ ይሰማ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ እንደ ተራ ጫጫታ ይቈጥረው ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ሞደሞች ሰላምታ የሚለዋወጡበት፥ መሥመሩን የሚፈትሹበትና በምን ያህል ፍጥነት ቢነጋገሩ እንደሚሻል የሚስማሙበት ጊዜ ነበር።

ፍጥነቱ የሚለካው በቢት ነው። ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ የሆነ ነጠላ ምልክት ሲሆን፥ 8 ቢት አንድ ባይት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ የወጣው ቤል 103 የተባለው ሞደም በሴኮንድ 300 ቢት ያስተላልፍ ነበር፤ ይህም በሴኮንድ 30 ያህል የላቲን ፊደላት ማለት ነው። በ1981 ሄይስ የተባለው ኩባንያ ከኮምፒዩተሩ በሚጻፍ ትእዛዝ ራሱ የሚደውል ሞደም ለገበያ ሲያቀርብ ፍጥነቱ ያው 300 ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሩጫው በረታ። በ1994 ወደ 28,800፥ በ1996 ወደ 33,600፥ በ1998 ደግሞ ወደ 56,000 ደረሰ።

56,000 የሚለው ቍጥር በሞደሙ ካርቶን ላይ በትልቁ ይታተም ነበር። ይህ ፍጥነት የሚገኘው ግን አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ከስልክ ማዕከሉ ጋር በዲጂታል መሥመር ሲገናኝ፥ ከማዕከሉም እስከ ደንበኛው ቤት ድረስ ሌላ ለውጥ ሳይኖር ነው። ያም ቢሆን ለመቀበል ብቻ እንጂ ለመላክ አይደለም፤ የመላኪያው ፍጥነት ከ33,600 አያልፍም ነበር። በመሥመሩ መካከል አንድ ተጨማሪ ለውጥ ከገባ መቀበያውም ወደ 33,600 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሻጭ ይህን ለገዢ የሚያስረዳበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህ ሁሉ ሩጫ ገደብ ያለው መሆኑ ቀድሞ የታወቀ ነበር። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጥናት፥ አንድ መሥመር ሊያሳልፍ የሚችለው የመልእክት መጠን በሁለት ነገሮች እንደሚወሰን አሳይቷል። አንደኛው የመንገዱ ስፋት ነው። ሁለተኛው የመልእክቱ ጉልበት ከመሥመሩ ጫጫታ ጋር ሲነጻጸር ነው። ስፋቱን መሐንዲሶቹ አስቀድመው ስለ ወሰኑት ማንም ደንበኛ ሊለውጠው አይችልም። ስለዚህ ሞደሙ የቀረፈፈበት ሰው ሊያሻሽለው የሚችለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጫጫታ ጆሮን የሚያውክ ነገር ብቻ ሳይሆን ፍጥነትን የሚበላ ነገር ነው።

በኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ ከዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ይጀምራል። ኮምፒዩተሮች በስልክ መሥመር መጻጻፍ የጀመሩት ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረ አንድ ክፍል፥ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ደብዳቤዎቹ ይጠራቀሙና በስልክ ጥሪ በአንድነት ይላኩ ነበር። ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ነው። በተከተሉት ዓመታት በየከተማው የጽሕፈትና የኢሜይል አገልግሎት የሚሰጡ ትንንሽ ቤቶች ተከፈቱ። ደንበኛው በደቂቃ ይከፍላል፤ የቤቱ ባለቤትም ለስልኩ የሚከፍለው በቈየበት ጊዜ ልክ ነው። ስለዚህ የሞደም መቀርፈፍ የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አነጋገር በደቂቃ ለሚከፍል ሰው ብዙም አያጽናናም።

በእንዲህ ያለ ቤት ምን ይደርስ እንደ ነበር ለመረዳት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ የቤቱ ባለቤት አንዲት ወጣት ናት እንበል። አንዲት አሮጊት ከውጭ አገር የተላከላቸውን የልጃቸውን የምረቃ ፎቶግራፍ ለማየት መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ገንዘቡን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በእጃቸው ይዘዋል። ፎቶግራፉ 300,000 ባይት ነው። ፎቶግራፍ በኢሜይል ሲላክ ወደ ፊደላት ስለሚለወጥ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምርና 400,000 ባይት ይሆናል። በ33,600 ፍጥነት ቢመጣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እምብዛም አያልፍም። ወጣቷ ግን ሩብ ሰዓት ቈጥራለች። ፎቶግራፉ ግማሽ ሲደርስ መሥመሩ ይቋረጣል፤ እንደ ገና ሲደወል ደግሞ ሁሉ ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል። ባለፈው ወር ተበድራ አዲስ የ56,000 ሞደም ገዝታ ነበር። ስክሪኑ ግን የሚያሳያት 19,200 ነው። እኒያን እናት ስንት ደቂቃ ብላ ታስከፍላቸው?

በስልክ ሽቦ ሥራ ብዙ ዘመን ያሳለፉ አንድ አዛውንት ጎረቤት ተጠርተው መጡ። ኮምፒዩተሩን አልነኩም። ተራ ስልክ እንድታቀርብላቸው ጠየቁና ሞደሙ በተሰካበት መሰኪያ ሰኩት። አንድ ቍጥር ብቻ ነክተው የመደወያው ድምፅ ዝም ሲል ጥቂት አዳመጡ፤ ከዚያም መነጋገሪያውን ለወጣቷ ሰጧት።

«ምን ይሰማሻል ልጄ?»

«ተልባ ሲቈላ እንደሚንጣጣ ያለ ነገር ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ሞደሙ ምን ያድርግ? እኔና አንቺ እንኳ በዚህ ብንነጋገር ‹ምን አልክ? ምን አልሽ?› መባባላችን አይቀርም።»

አዛውንቱ ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ትልቅ ጥበብ የለበትም፤ ቅደም ተከተል ግን አለው። በየጊዜው የሚለውጡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ነገር በለወጡ ቍጥርም መልሰው ያዳምጣሉ። በመጀመሪያ በጓዳ ያለውን፥ በዚሁ መሥመር ላይ የተጨመረውን ሁለተኛ ስልክ ነቀሉት። ጫጫታው ጥቂት ቀነሰ። ቀጥለው ከመሰኪያው እስከ ሞደሙ የተዘረጋውን ረጅም ጠፍጣፋ ገመድ አዩ። ገመዱ ከመብራቱ ሽቦ ጋር ታስሮ በፍሎረሰንቱ ሥር ያልፋል። ገመዱን አርቀው ዘረጉት፤ እንደ ንብ የሚያጉተመትመው ድምፅ ጠፋ፤ መንጣጣቱ ግን አልጠፋም። በዚህ ጊዜ ስልኩን ይዘው ወጡና ሽቦው ከውጭ ወደ ቤቱ በሚገባበት ሣጥን ላይ አገናኝተው አዳመጡ። እዚያ መሥመሩ ጸጥ ያለ ነው ለማለት ይቻላል። እንግዲህ በሽታው ከሣጥኑ እስከ መሰኪያው ባለው ሽቦ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ማወቅ የሥራውን ግማሽ እንደ መጨረስ ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ከተማውን ሳይሆን 15 ሜትር ሽቦ ብቻ መፈተሽ ይበቃል።

ሽቦው በኮርኒሱ ላይ ያልፍ ነበር። ቀድሞ የሠራው ሰው ሽቦ ሲያጥረው ሁለት ቍራጭ በእጁ ጠምዝዞ ቀጥሎ በፕላስተር ጠቅልሎታል። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የሚወርደው የክረምት ውሃ ፕላስተሩን አልፎ ገብቷል፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ በንግግር ጊዜ ጥቂት ይንጣጣ እንደ ሆነ እንጂ ስልኩን አይዘጋም። የሰው ጆሮ የጐደለውን ቃል ከንግግሩ ሐሳብ ስለሚሞላ ማንም ልብ አይለውም። ሞደም ግን ግምት አያውቅም። አዛውንቱ የዛገውን ቈርጠው ጣሉ፤ ንጹሑን መዳብ ፍቀው እንደ ሥርዐቱ ቀጠሉት፤ ውሃ ከማይደርስበት ቦታም አኖሩት። ሞደሙ በተደወለበት ጊዜ ስክሪኑ 31,200 አሳየ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ፎቶግራፉ ሲመጣ ሲመጣ ቈመ፤ ጥቂት ሄደ፤ እንደ ገና ቈመ። በውጭው ሣጥን ላይ የቀረችው ትንሽ ጫጫታ ከጎዳናው ገመድ የምትመጣ ስለ ሆነች ለአዛውንቱ እጅ አትደርስም። ለስልክ መሥሪያ ቤቱ እንድታመለክት ነገሯትና እስከዚያው አንድ ትእዛዝ አስጻፏት። ትእዛዙ ሞደሙ ከ26,400 በላይ እንዳይስማማ የሚከለክል ነው።

«ጋሼ፥ በስንት ልፋት የተገኘውን ፍጥነት መልሰን ልንቀንሰው?»

«የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? ቀንሺውና እዪው።»

ፎቶግራፉ ከሁለት ደቂቃ ጥቂት አለፍ ብሎ ሳይቋረጥ ደረሰ።

ይህ ነገር ለብዙዎች እንቈቅልሽ ይመስላቸው ነበር። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሞደሞች መልእክቱን የሚልኩት በጥቅል በጥቅል እያደረጉ ነው። በየጥቅሉ መጨረሻ ላይ የመቈጣጠሪያ ቍጥር አለ። ተቀባዩ ሒሳቡን ሠርቶ ቍጥሩ ካልገጠመ፥ የተበላሸችው አንዲት ቢት ብቻ ብትሆንም ጥቅሉ በሙሉ እንደ ገና እንዲላክለት ይጠይቃል። ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ምልክቶቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ ሲቀራረቡ ደግሞ ትንሽ ጫጫታ አንዱን ከሌላው ያደናግራል። ስሕተቱ ሲበዛም ሞደሞቹ ንግግራቸውን አቋርጠው መሥመሩን እንደ አዲስ ይፈትሻሉ። በዚያ ጊዜ ለብዙ ሴኮንዶች አንዲት ፊደል እንኳ አታልፍም። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚነበበው ቍጥር ሁለቱ ሞደሞች በመጀመሪያ የተስማሙበት ፍጥነት ነው እንጂ በእርግጥ የደረሰው መልእክት መጠን አይደለም። ትክክለኛው መለኪያ አንድ የታወቀ ፋይል በሰዓት እየለኩ መቀበል ነው። ከዚያ ልኬት ይልቅ የስክሪኑን ቍጥር አምነው ሞደም ይለዋውጡ የነበሩ ሰዎች ገንዘባቸውን በከንቱ አጥፍተዋል ማለት ይቻላል።

ጥፋቱ ከሽቦው ሳይሆን ከኮምፒዩተሩ የሚመጣበት ጊዜም ነበር። የቀድሞ ኮምፒዩተሮች ከሞደም ጋር የሚገናኙበት በር በአንድ ጊዜ አንድ ባይት ብቻ የሚያቈይ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ሌላ ሥራ ላይ ሳለ አዲስ ባይት ከመጣ የፊተኛው ይጠፋል። በኋላ የመጣው 16 ባይት የሚያቈይ በር ይህን አቃለለ። የበሩ ፍጥነት ራሱ ዝቅ ተደርጎ ተስተካክሎ ከሆነም ሞደሙ የቱንም ያህል ቢፈጥን ጥቅም የለውም። በተቃራኒው አንዳንድ ኮምፒዩተር የበሩን ፍጥነት፥ 115,200 የሚለውን ቍጥር፥ የመሥመሩ ፍጥነት አስመስሎ ያሳይ ነበርና ባለቤቱ ያለ ምክንያት ይደሰታል። በዋጋ ርካሽ የሆኑ ሞደሞች ደግሞ አብዛኛውን ሥራቸውን በኮምፒዩተሩ ላይ ይጥሉታል፤ ኮምፒዩተሩ በሥራ ሲጠመድ እነርሱም ይቀርፋሉ። ሌላ ጥሪ መምጣቱን በድምፅ የሚያስታውቀው የስልክ አገልግሎትም መሥመሩን ሊያቋርጥ ስለሚችል፥ ኢንተርኔት ከመክፈት በፊት ይህን አገልግሎት ማዘጋት ያስፈልግ ነበር።

ሽቦውም ኮምፒዩተሩም ደኅና ሆነው ገጹ የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ምክንያቱ ከሞደሙ ማዶ ነው። የአገልግሎት ሰጪው መሥመር ብዙ ደንበኞች የሚሻሙበት አንድ ቧንቧ ነው፤ ቀን ቀጥኖ የሚወርደው ሌሊት ሊፈስ ይችላል። በመሆኑም አንዱን ፋይል በቀትርና በሌሊት ተቀብሎ ጊዜውን ማነጻጸር ይረዳል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የቤቱን ሽቦ መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ከአገልግሎት ሰጪው ከራሱ ኮምፒዩተር የሚመጣው ፋይል ቶሎ ደርሶ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሲዘገይም ነገሩ ያው ነው። ግንኙነቱ በሳተላይት ሲሆን ደግሞ ሌላ መዘግየት ይጨመራል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፥ ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ይህን በየትኛውም ሞደም ማሳጠር አይቻልም፤ ብርሃን እንኳ ከዚህ በላይ አይፈጥንም።

የማይፋጠነውን መንገድ ትቶ ጭነቱን ማቅለል ግን ይቻል ነበር። የአማርኛ ጽሑፍ እዚህ ላይ ልዩ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ የጻፈው አማርኛ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ስለማይነበብ፥ አንዳንዶች ጽሑፉን እንዳለ እንደ ሥዕል ይልኩት ነበር። በዩኒኮድ የተለመደ አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 2,000 ፊደላት ያሉት ደብዳቤ 6,000 ባይት ሆኖ በ26,400 ፍጥነት በሁለት ሴኮንድ ያልፋል። ያው ደብዳቤ በሥዕል መልክ ቢላክ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ከዚህም በላይ ሞደሞች ጽሑፍን አጥፈው መላክ ይችላሉ፤ ፎቶግራፍ ግን አስቀድሞ የታጠፈ ስለ ሆነ እንደ ገና አይታጠፍም። በብራውዘሩ ላይ ሥዕሎች እንዳይታዩ ማድረግ፥ ደብዳቤዎቹንም ስልኩ ተዘግቶ ሳለ ጽፎ አዘጋጅቶ ከዚያ ብቻ መደወል በዚያን ጊዜ ከሁሉ የረከሰ መድኀኒት ነበር።

ዳያል አፕ ዛሬ ከብዙ አገሮች እየጠፋ ነው። በአሜሪካ ሚሊዮን ደንበኞች የነበሩት ኤኦኤል የተባለው ድርጅት የዳያል አፕ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 ዘግቷል። ሽቦው ግን በብዙ ቦታ አሁንም አለ። ዲኤስኤል የተባለው ፈጣን አገልግሎት የሚተላለፈው በዚያው ጥንድ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ልዩነቱ ለንግግር ከተመደበው ክፍል በላይ ባለው ሰፊ መንገድ መጠቀሙ ነው። እርጥበት የገባበት መጋጠሚያ ይህንንም ያቀርፈዋል፤ ጥፋቱን የሚፈልግ ሠራተኛም ተራ ስልክ ሰክቶ፥ አንድ ቍጥር ነክቶ፥ ጸጥታውን ያዳምጣል።